ከስም ወደ ግሥ፤ አካል ጉዳተኛ ገጸ ባሕርይና የልብ ወለድ ደራሲው የቃላት ምርጫ

የመዝገበ ቃላት አዘጋጅና የልብ ወለድ ደራሲ የሚሠሩበት መሣሪያ አንድ ነው፤ እርሱም ቃል ነው። አዘጋጁ ቃሉን ለብቻው አቁሞ ይመረምረዋል፤ ደራሲው ደግሞ በሰው አፍ አስገብቶ ያናግረዋል። ስለዚህ ቃል ሲታመም ሕመሙ በቅድሚያ የሚታየው በልብ ወለድ ውስጥ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አካል ጉዳተኛ ገጸ ባሕርይን የሚቀርጽ አማርኛ ጸሐፊ በእጁ ያሉትን ቃላት፣ የሥራውንም ሁኔታ መርምሮ፣ ከዚያ ለመዝገበ ቃላት ሥራችን የሚጠቅመውን ማመልከት ነው። ለመነሻ የምንወስደው አገር በደቡብ ጎንደር ከደብረ ታቦር በስተሰሜን የሚገኘው እብናት ነው። የተመረጠበት ምክንያት በቦታው ይገለጻል።

1. የቃላቱ ይዞታ

በአማርኛ የአካል ጉዳትን የሚመለከቱ ቃላት ከሦስት ምንጮች የተቀዱ ናቸው። የመጀመሪያው ምንጭ ግእዝ ነው። ዕውር፣ ሐንካስ፣ ጽሙም፣ በሃም፣ ድውይ፣ መፃጉዕ የሚሉት ቃላት በቅዱሳት መጻሕፍት በኩል ለጆሯችን የተለመዱ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ፣ ማለትም መፃጉዕ፣ 38 ዓመት የታመመውን ሰው የሚያመለክት ሲሆን የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ በዚሁ ቃል ይጠራል። ሁለተኛው ምንጭ የገበሬው፣ የእረኛውና የገበያተኛው አማርኛ ነው፤ ጎባጣ፣ ቆማጣ፣ አንካሳ፣ ሽባ፣ ዲዳ፣ ደንቆሮ፣ ኮልታፋ፣ ጠንባራ፣ ሸውራራ የመሳሰሉት ከዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛው ምንጭ የሕግና የመሥሪያ ቤት አማርኛ ነው። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጡት አዋጅ ቁጥር 101/1986ና እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 568/2000 «አካል ጉዳተኛ» የሚለውን ቃል በሕግ ቋንቋ አጽንተውታል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ካጸደቀች ወዲህም ቃሉ ከመሥሪያ ቤት አልፎ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ራዲዮ ገብቷል።

ሦስቱ ምንጮች ጎን ለጎን ሲፈሱ አንድ ቃል ሦስት ልዩ ልዩ ሚዛን ሊኖረው ይችላል። ለምሳሌ «ዕውር» የሚለውን እንውሰድ። በሰበታ የተቋቋመው ትምህርት ቤት «መርሐ ዕውራን» ተብሎ ሲሰየም በቃሉ ውስጥ ንቀት አልነበረም፤ የግእዙ ብዙ ቁጥር ክብር ያለው ስም ሆኖ አገልግሏል። ያው ቃል በነጠላ ሆኖ በመንገድ ላይ ከተጣራ ግን ስድብ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ «የኢትዮጵያ ዓይነ ሥውራን ብሔራዊ ማኅበር» ተባለ። ዐይነ ስውር ማለት እንደ ግእዙ አገባብ ዐይኑ የተሰወረ ማለት ነው፤ የጠፋው ዐይኑ እንጂ ሰውየው አይደለም። ከዚያም በኋላ «ማየት የተሳነው» የሚለው ሐረግ ተጨመረ።

ከሁሉ የከፋው ዕጣ የደረሰው «ደንቆሮ» ለሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል የማይሰማን ሰው ያመለክት ነበር። ዛሬ በዕለት ንግግር የሚያመለክተው የማያውቀውን ወይም ማወቅ የማይፈልገውን ሰው ነው፤ ድንቁርና ስንልም ስለ ጆሮ ያሰበ ሰው አይገኝም። እንግዲህ የማይሰማው ሰው ስሙን ተነጥቋል ማለት ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊው «ደንቆሮው ገበሬ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው የጆሮውን ነገር ነው ወይስ የአእምሮውን ብሎ ይወላውላል፤ መወላወሉም ገጸ ባሕርዩን ይጎዳል።

2. የቃል ቅርጽና የጊዜ ነገር

የገበሬውን አማርኛ ቃላት በቅርጻቸው ብንመለከት አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። ጎባጣ፣ ቆማጣ፣ ቆራጣ፣ አንካሳ፣ ሰንካላ፣ ጠማማ፣ ሸፋፋ፣ ኮልታፋ፣ ጠንባራ በሚሉት ሁሉ የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ራብዕ ናቸው። ቅርጹ ለአካል ጉዳት ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ መላጣ፣ ጎታታ፣ ሞላላ፣ ደካማ የሚሉትም በዚሁ ይሄዳሉ። የቅርጹ ሥራ ግን በሁሉም አንድ ነው፤ ይኸውም በግሡ ውስጥ የነበረውን ድርጊት ወስዶ የማይለወጥ ጠባይ ማድረግ ነው። «ጎበጠ» ስንል መቼ፣ በምን፣ ከምን በኋላ የሚል ጥያቄ ይከተላል። «ጎባጣ» ስንል ጥያቄው ያበቃል፤ ሰውየው ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስላል።

በተለይ «ቆራጣ» የሚለው ቃል ይህን አጉልቶ ያሳያል። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ ከዚያም በፊትና በኋላ፣ እጅና እግር መቁረጥ የታወቀ ቅጣት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው፣ በአቅራቢያዋ ባለችው ጋፋት የውጭ አገር የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲያፈሱ ባደረጉበት ጊዜ፣ በዚያው አገር እጃቸው ወይም እግራቸው በትእዛዝ የተቆረጠ ሰዎች ነበሩ። «እጁ ተቆረጠ» ስንል ቆራጭ መኖሩን እናውቃለን። «እጀ ቆራጣ» ስንል ግን ቆራጩ ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቷል። ስለዚህ ስለዚያ ዘመን የሚጽፍ ደራሲ ስሙን ብቻ ወስዶ ግሡን ከተወ፣ ሳያውቀው የቀጪውን ሥራ ይሸፍናል።

አዲሶቹ ቃላትም ከዚህ ነጻ አይደሉም። «ጉዳተኛ» ጉዳት ከሚለው ስም በ«ኛ» ምዕላድ የተመሠረተ ሲሆን ከእስረኛ፣ ከስደተኛና ከበሽተኛ ጋር ይሰለፋል። አንድ ነገር ደርሶበታል ማለቱ ከ«ጎባጣ» ይሻላል፤ ነገሩ የታሪክ ፍንጭ ይሰጣልና። ሆኖም መስማት ሳይችል የተወለደውን ልጅ ማን ጎዳው? ለእርሱ ዝምታ ከተወለደበት ዓለም አንዱ ክፍል እንጂ የደረሰበት አደጋ አይደለም። «ማየት የተሳነው» የሚለው ደግሞ በአገባቡ ከ«ራበው»ና ከ«ጠማው» ጋር ይዛመዳል፤ ሰውየው ባለቤት ሳይሆን ተሳቢ ነው። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ተሳነኝ የማይል ሰው የለምና ቃሉ ማንንም ከሰው ተራ አያወጣም። ጉድለቱ ሰውን በሌለው ነገር ብቻ መግለጹና ለትረካ ረጅም መሆኑ ነው። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ መቶ ጊዜ «ማየት የተሳነው ሰው» ብሎ መጻፍ የሚችል ደራሲ የለም። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ሰውየውን በስሙ መጥራት።

3. «አነሣ»ና «አነሡ»

አማርኛ ተራኪውን የሚያስገድድበት ሌላ ነገር አለ። ስለ ማንኛውም ገጸ ባሕርይ ሲጽፍ «እርሱ» ወይስ «እርሳቸው» ብሎ መወሰን ይኖርበታል፤ ውሳኔውም በየግሡ ላይ ይታተማል። «ዕውሩ ምርኩዙን አነሣ» ብለን ብንጽፍና «አለቃ ምርኩዛቸውን አነሡ» ብለን ብንጽፍ የተነሣው ምርኩዝ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ሰውየውም በ60 ዓመት ዕድሜ ያለ ያው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን ስሙንም፣ ማዕርጉንም፣ ዕድሜው ያስገኘለትንም ክብር አጥቷል።

ይህ ተራ የሰዋስው ነገር እንዳይመስለን። ደቡብ ጎንደር የታወቁ የአብነት ትምህርት ቤቶች አገር ነው፤ የድጓው ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባ በዚያ ይገኛሉ። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ትምህርቱ በቃል የሚወርድና በቃል የሚያዝ በመሆኑ ዐይናቸው የማያይ ሰዎች ተምረው ለመምህርነት የበቁበት ሥርዓት ነው። ተማሪው የሚጠራቸው «የኔታ» ብሎ ወይም «መሪጌታ» ብሎ ነው፤ የዐይናቸው ነገር ከስማቸው በፊት አይመጣም። ያው ሰው በልብ ወለድ ገጽ ላይ ሲቀርብ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተቀምጦ የሚለምን፣ ስም የሌለው፣ በ«ለመነ» እንጂ በ«ለመኑ» የማይነገርለት ነው። ባህሉ ለራሱ ሊቃውንት የሰጠውን ክብር የጽሑፍ ቋንቋው ነፍጓል ማለት ነው።

የአነጋገር ፈሊጥም እንደዚሁ ነው። «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር አንድ ገጸ ባሕርይ ቢናገረው የተናጋሪውን ጠባይ ያሳየናል። ተራኪው ራሱ ሲናገረው ግን መጽሐፉ ያለ ምስክር ፈርዷል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት መጠበቅ የደራሲው ግዴታ ነው።

4. የደራሲው የሥራ ቀን

ደራሲውን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። አማርኛ ልብ ወለድ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ጦቢያ»ን ካሳተሙ ጀምሮ በአብዛኛው የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትና የመንግሥት ባለሥልጣን ነበሩ፤ ብርሃኑ ዘሪሁን ጋዜጠኛ ነበሩ፤ በዓሉ ግርማም እንዲሁ ከጋዜጠኝነት ተነሥተው በማስታወቂያ ሚኒስቴር በከፍተኛ ኃላፊነት ሠርተዋል። ኑሯቸውን በብዕር ለመምራት የሞከሩት አቤ ጉበኛ ምን ያህል እንደተቸገሩ የሥነ ጽሑፋችን ታሪክ ያውቀዋል። በማታና በዕረፍት ቀን የሚጽፍ ሰው ለዋናው ገጸ ባሕርይ እንጂ ለአላፊ አግዳሚው ጊዜ አይተርፈውም። ስለዚህ ከመንገድ ላይ የተዘጋጀ ሰው ያነሣል፤ ክፋትን ለማሳየት ጎባጣ፣ ርኅራኄን ለመቀስቀስ ዐይነ ስውር፣ ለማሳቅ ኮልታፋ። ቃሉ አስቀድሞ ሥራውን ስለጨረሰለት ደራሲው ሰውየውን መፍጠር አያስፈልገውም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ቪክቶር ሁጎ በ1831 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው የኖትር ዳም ልብ ወለድ ውስጥ ካዚሞዶ የተባለውን ጎባጣ ፈጥሯል። ሰውየው በሕፃንነቱ ተጥሎ በተገኘበት ዕለት፣ ማለትም እኛ ዳግም ትንሣኤ በምንለው እሑድ ስም ተጠርቷል። የሁጎ ገጸ ባሕርይ አስፈሪ ሆኖ መቅረቡ ዛሬ ያስነቅፋል። ነገር ግን ሁጎ ሁለት ነገር አልነፈገውም፤ ሥራና የሥራ መዘዝ። ካዚሞዶ ደወል ደዋይ ነው፤ ጆሮውንም ያደነቆረው የሚወደው ደወል ነው። መስማት አለመቻሉ የቃል ቅጥያ ሳይሆን ከሥራው የተነሣ፣ ጊዜና ምክንያት ያለው ነገር ነው። ከዚህ የምንማረው ይህን ነው፤ ሥራ ያለው ገጸ ባሕርይ ምልክት ሆኖ አይቀርም።

5. ከእኛ ሁለት ምሳሌዎች

የአማርኛ ልብ ወለድ በአካል ረገድ የዘገየውን ያህል በአእምሮ ረገድ ቀድሟል ለማለት ይቻላል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ካሳ ዳምጤ የተባለ ሰው አለው። አገሩ እንደ ዕብድ ቆጥሮ «ጉዱ ካሳ» ይለዋል። «ጉድ» ያልተለመደ፣ የሚያስገርም፣ የሚያሳፍርም ነገር ነው፤ «ጉዱ» ማለት ሰውየው ራሱ ያ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የፈጸሙት ትልቅ ነገር ይህን ስም ከአገሩ አፍ ተቀብለው ሳይሰርዙት፣ የመጽሐፉን ጥልቅ ማኅበራዊ ትችት በባለስሙ አንደበት ማኖራቸው ነው። አንባቢው ገጹን በገለጠ ቁጥር «ጉዱ» የሚለው ቅጽል ከካሳ ላይ እየተነሣ ወደ ሰያሚዎቹ ይዞራል። ቃሉ አልተለወጠም፤ ሚዛኑ ተለወጠ። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርኩት ዐይኑ የማያይ ኢትዮጵያዊ ከሚያየው እኩል አደመጠው፤ ይህም ደራሲ ስለማን እየጻፈ ማን እንደሚያዳምጠው እንዲያስታውስ የሚያደርግ ነው።

ሆኖም አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ካሳ ዳምጤ ዕብድ የተባለ እንጂ ዕብድ አይደለም። መጽሐፉ ያከበረው የተሳሳተ ስም የተሰጠውን ጤነኛ ነው። በእውነት የታመመው ሰው ክብር ገና አልተጻፈም። ዕብድ የተባለው ሁሉ ሊቅ ሆኖ እንዲገኝ መጠበቅ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጭነት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን «አማኑኤል ደርሶ መልስ» ሲሉ የሰየሙት መጽሐፍ ነው። ስለ ርእሱ ብቻ እንናገር። አማኑኤል የጌታ ስም ነው፤ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን ስም፣ ከዚያ በአዲስ አበባ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ስም ሆነ። በመጨረሻም በከተማው አነጋገር «አማኑኤል ገባ» ማለት አበደ ማለት ሆኖ ቀረ። ብርሃኑ በዚህ ላይ «ደርሶ መልስ» የሚለውን የአውቶቡስና የባቡር ቲኬት ቃል ጨመሩበት። የከተማው አነጋገር መግባትን ብቻ ያውቃል፤ ርእሱ ግን መመለስ መኖሩን ያስታውሳል። የጋዜጠኛ ዐይን ያለው፣ አጭርና ግልጥ ዓረፍተ ነገር የሚወድ ጸሐፊ በሦስት ቃላት የማይለወጥ መስሎ የነበረውን ነገር ጊዜ ሰጠው። ከላይ ስምን ወደ ግሥ መመለስ ያልነው እንዲህ ያለውን ነው።

6. እብናት ለምን?

አሁን በእብናት የሚኖር አንድ ወጣት ደራሲ ዐይኗ ስለጠፋ አንዲት ሴት ሊጽፍ ተነሣ እንበል። በእጁ የሚገኘው የመሥሪያ ቤት ቃል «አካል ጉዳተኛ» ነው። ይህ ቃል በሕግ ፊት ያስፈልጋታል፤ በትረካው ውስጥ ግን ስለ እርሷ አንዳች አይነግረንም።

ደቡብ ጎንደር በትራኮማ ጫና ምክንያት በሕክምና ጽሑፎች ስሙ ተደጋግሞ የሚነሣ አገር ነው። አማርኛ ለበሽታው «የዐይን ማዝ» የሚል ቃል አለው። በሽታው ሰውን በአንድ ቀን አያሳውርም። ልጅነትን ይዞ ደጋግሞ ይመጣል፤ የዐይን ቆብ በውስጥ በኩል ጠባሳ ያወጣል፤ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፤ ያን ጊዜ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን መፋቅ ይጀምራል። ሴትዮዋ ሽፋሽፍቷን በወረንጦ ትነቅላለች፤ ተመልሶ ይበቅላል፤ ደግማ ትነቅላለች። ልጆችን የሚያቅፉና ፊታቸውን የሚጠርጉ ሴቶች በመሆናቸው በዚህ የሚሠቃዩት ከወንዶች ይልቅ እነርሱ ናቸው። በጊዜ ቀዶ ሕክምና ካገኘች ዐይኗ ይተርፋል፤ ካላገኘች ብርሃኑ በዓመታት ውስጥ ይደክማል። ደራሲው «ዐይኗ ጠፋ» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያልፈው የአንድ ሕይወት ግማሽ ይዘለላል። ወረንጦ የሚለው ቃል ብቻ ከአምስት የኀዘን ቅጽሎች የበለጠ ይነግረናል።

«ዳፍንት» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። በቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣው፣ ጀምበር ስትጠልቅ ዐይንን የሚጋርደው ሕመም ስም ነው። የምግብ እጦት ባለበት አገር ቃሉ የረኃብ ታሪክ ይዟል። እብናት በ1977 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ረኃብተኞች የተጠለሉባት ቦታ ነበረች፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር መጠለያው በመንግሥት ኃይል ተበትኖ ሰዎቹ ገና ሳይጠነክሩ ወደየመጡበት በእግራቸው እንዲሄዱ ተደርጓል። ስለዚያ ወር የሚጽፍ ደራሲ በመንገዱ ላይ ማን እንደሚመራና ማን እንደሚመራ ተደርጎ እንደሚሄድ፣ ዳፍንት የያዘው ሰው ከመሸ በኋላ ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ አለበት። ለዚህ የሚሆኑት ቃላት ዳፍንት፣ ሞራ፣ ጭልምታ፣ ዳበሳ፣ ምርኩዝ፣ መሪ የሚሉት ሁሉ በሕዝቡ ዘንድ አሉ። የጠፋው ሰሚ ነው።

7. ለመዝገበ ቃላት ሥራችን

አንዳንድ ሰዎች ነባሮቹን ቃላት ከመዝገበ ቃላት መፋቅ፣ ደራሲዎችም በአዲሶቹ ብቻ እንዲጽፉ ማሳሰብ ይበቃል ይላሉ። አሳባቸው ከበጎ ፈቃድ የመነጨ ቢሆንም አንቀበለውም። በዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈር ያለ ወታደር «አካል ጉዳተኛ» ብሎ እንዲናገር ማድረግ ዘመኑን መዋሸት ነው። ስድቡ ከመጽሐፍ ሲፋቅ የተሰዳቢው ቁስል አብሮ ይፋቃል፤ ተሳዳቢው ግን በገበያ እንዳለ ይቀራል። ከሣቴ ብርሃን ተሰማ በ1951፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962፣ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ያሳተሟቸው መዝገበ ቃላት ዋጋቸው ቃሉን እንደተገኘ መያዛቸው ነው።

ስለዚህ በበኩላችን የምናሳስበው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ ነባሮቹ ቃላት ሁሉ ይቆዩ፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ላይ የአነጋገር ደረጃውን የሚያሳይ ምልክት ይደረግ፤ የቤተ ክህነት፣ የሕግ፣ የሕክምና፣ የዕለት ንግግር፣ ስድብ እየተባለ። «ደንቆሮ»ን የመሰለ ትርጉሙ የተዛወረ ቃል የቀድሞውና የዛሬው ትርጉም በተራ ቁጥር ተለይቶ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ በስም የተመዘገበው ሁሉ ከግሡ ጋር ይያያዝ። ጎባጣን የፈለገ አንባቢ ጎበጠን፣ ቆራጣን የፈለገ ቆረጠንና ተቆረጠን በዚያው ያግኝ።

ሦስተኛ፣ ማዝ፣ ዳፍንት፣ ሞራና እነዚህን የመሳሰሉት የሕመም፣ የመሣሪያና የእንቅስቃሴ ቃላት ከእብናትና ከመሰል አገሮች ከባለቤቶቹ አንደበት ይሰብሰቡ። ባለቤቶቹ ስንል ጉዳቱ ያለባቸውን ሰዎች ማለታችን ነው፤ ስለ ራሳቸው የሚናገሩበትን ቃል ከሌላ ሰው መጠየቅ ልማድ ሆኖ ቆይቷልና።

አራተኛ፣ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት ሆኗል። እንግዲህ «በምልክት ነገረው» ብሎ ማለፍ፣ በእጁ የተናገረውን ሰው ንግግር እንደ ጥቅሻ መቁጠር ነው። ምልክቱ ቋንቋ ነውና በልብ ወለድ ውስጥ እንደ ማንኛውም ንግግር በትእምርተ ጥቅስ ተከትቶ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ።

ደራሲውን በሚመለከት የምንጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ገጸ ባሕርዩን በስሙ ይጥራው፣ ለዕድሜው የሚገባውን «አንቱታ» አይንፈገው፣ የሚሠራውንም ሥራ ይንገረን። በሽፋሽፍቷ ሥቃይ ሌሊቱን ያላንቀላፋች የእብናት ሴት ጠዋት ተነሥታ እሳት ታነድዳለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ልጅ ታጥባለች። ይህ ሁሉ በግሥ የሚነገር ነው፤ መዝገበ ቃላቱም ልብ ወለዱም ለእነዚህ ግሦች ቦታ ሊያዘጋጁ ይገባል።